ተራ ቁጥር አስራ ሰባት

አያ እንዳለው ሰውየውን ገና በሩ ላይ ሲያየው ጠረጠረ። "ይሄ ደሞ ምን ፈልጎ ነው?" አለ በሆዱ።

የድሮ ወታደሮች ማኅበር ሰው የሚመዘግብባት ክፍል ከላሊበላ ባጃጅ ማቆሚያ ጀርባ ያለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ናት። ውስጧ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አለ። በድሮው ጦር አገልግላችሁ ውጊያ ላይ የቆሰላችሁ፣ የቁስለኛ ሜዳይ ይገባናል የምትሉ፣ እስከ ጥር ሠላሳ መጥታችሁ ተመዝገቡ ይላል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ይኸው አያ እንዳለው የሚባለው ሰው ነው። በጦሩ ጊዜ የሻምበል ጸሐፊ ነበር፤ ይኸው ስድሳ ስምንት ዓመት ሞልቶትም ብዕር ከደረት ኪሱ ተለይቶ አያውቅም።

እና ከገና ወዲህ የመጣው ሰው ሁሉ በእሱ ዓይን ውሸታም ነው። ደሞ አልፎ አልፎ እውነቱን ነው። አንዱ በሬ የወጋውን ጭኑን ገልጦ "ይቺ የክላሽ ናት" ብሎታል። ሌላው የተዋጋበት ቦታ ስሙ ጠፍቶበት "ያ እንኳ... ድንጋይ የሚበዛበት" አለ። "አገሩ ሁሉ ድንጋይ አይደል እንዴ!" ብሎ አባረረው እንዳለው።

አሁን በሩ ላይ የቆመው ግን ጋሻዬ ነው። የአሸተኑ ጋሻዬ፤ የቄሱ ልጅ። ግራ እጁን እንደ ልማዱ ጋቢው ውስጥ ደብቆታል። ከዚያ እጅ ሦስት ጣት ጎድሏል፤ ይሄን የማያውቅ ሰው በአገሩ የለም።

"እንዴት ዋልክ አያ እንዳለው?"

"ይመስገን። ምን እግር ጣለህ?"

"ልመዝገብ ብዬ።"

"ምን ተብለህ?"

"ቁስለኛ ተብዬ ነዋ።"

እንዳለው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሁለቱም ጊንዳዕ ግንባር፣ አንድ ሻምበል ውስጥ ነበሩ። አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሞርታር ሲዘንብባቸው ዋለና ሃያ ሦስት ሰው ቆሰለ። የቁስለኞቹን ስም የጻፈው እንዳለው ነው። ጋሻዬ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የሞቱት ውስጥም የለም። ከምሽጉ ግን ጠፍቷል። ከዓመት በኋላ ጦሩ ተበትኖ ሁሉም በእግሩ ወደየአገሩ ሲገባ፣ እሱም ሦስት ጣት አጉድሎ አሸተን ከች አለ። ያውም የግራ እጅ! በዚያ ዘመን ከግንባር ለመውጣት ብሎ የገዛ እጁን በጥይት የሚመታ ወታደር ነበር፤ የሚመታውም ግራውን ነው፤ ቀኙ መሣሪያውን መያዝ አለበታ። እንዳለው ይሄንንም ያንንም ደመረና አንድ ቀን ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ ተናገረው። "ያ ጋሻዬ? እሱማ ራሱ ነው እጁን የመታው።" አንዴ ነው ያለው። ወሬው ግን ተራራውን ወጥቶ አሸተን ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም።

ስለዚህ እንዳለው አሁን የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይሄ ሰው ሜዳይ ፈልጎ አልመጣም፤ እኔን ፈልጎ ነው። ሰው ፊት አቁሞ ሊያዋርደኝ ነው።

"ሦስት ምስክር ያስፈልጋል" አለው። "አንዱ የግድ ከሻምበልህ መሆን አለበት።"

"አውቃለሁ። ከሻምበላችን እዚህ አገር በሕይወት ያለኸው አንተ ነህ።"

"እኔ?"

"ታዲያ ማንን ላምጣ? ሙታን ላስነሳልህ?"

"እሺ። ምንድን ነው የመታህ?"

"አላውቅም።"

"ከወዴት በኩል?"

"አላውቅም አልኩህ እኮ። ምሽግ ውስጥ ነበርኩ፤ ስነቃ አስመራ ሆስፒታል ነኝ። መሐሉ የለኝም።"

እንዳለው ይሄን ሲሰማ ጭራሽ ባሰበት። ውሸታም ሲመጣ ወሬውን አሳምሮ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ሳይቀር ሸምድዶ ነው የሚመጣው። ይሄ ምንም ሳይዝ መጣ። ምን ዓይነት ብልጠት ነው?

"የሆስፒታሉ ወረቀትስ?"

"ሰው ነፍሱን ይዞ ሲሮጥ እኔ ወረቀት ልፈልግ?"

"እኔ ደብተሬን ይዤ ወጥቻለሁ።"

"እሱን እኮ ነው የምልህ!" ጋሻዬ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። "ደብተርህን አንብብልኝ። ምን ብለህ እንደጻፍከኝ ልስማ።"

"አንተ የለህበትም።"

"ደህና አድርገህ አይተኸዋል?"

"ሠላሳ አምስት ዓመት!"

ውጭ አንድ ባጃጅ ሞተሩ አልነሳ ብሎት ያቃስታል።

"እሺ ይሄን ንገረኝ" አለ እንዳለው ዓይኑን አጥብቦ። "ይሄን ሁሉ ዘመን የት ነበርክ? ለምን አሁን?"

ጋሻዬ ጋቢውን አስተካከለ፣ ማስታወቂያውን አየ፣ መሬቱን አየ።

"ባንቺዓለም ዓይኗ እየደከመ ነው። ሐኪሙ እስከ ክረምት ቢቆይላት ነው አለ። አያ እንዳለው፣ ሚስቴ ናት፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት አብራኝ ኖራለች። አንድ ቀን 'እጅህን ምን ነካው?' ብላኝ አታውቅም። አንድ ቀን! ሰው የላም ቀንድ ተሰብሮ ቢያይ እንኳ ምን ሆና ነው ይላል። ያልጠየቀችኝ የምታውቅ ስለመሰላት ነው። ፊቷ እንዳላፍር ብላ። ያንን ሜዳይ ዓይኗ ሳይጠፋ መዳፏ ላይ ባስቀምጥላት ሌላ አልፈልግም።"

እንዳለው ሆዱ ትንሽ ባባ። ወዲያው ደሞ በራሱ ተናደደ። አያችሁት፣ አሳዛኝ ወሬም ይችልበታል!

"አስብበታለሁ" ብሎ ሸኘው።

ምሳ ላይ ለሚስቱ ለወለላ ነገራት። ወለላ ሽሮውን እያቀረበች ሳቀችበት።

"አንተ ሰውዬ፣ ጥላህ ቢከተልህ ሰላይ ነው የምትል ነህ። ለመሆኑ እጁን ሲመታ አይተኸዋል?"

"አላየሁም።"

"ታዲያ?"

"ደመርኩት።"

"ደመርኩት! ስማው እንግዲህ። ሰው ሽንኩርት ነው የሚደመር?"

እንዳለው ደብተሩን ከሳጥኑ አወጣ። ጠርዙን አይጥ በልቶታል፤ ቀለሙ ቡናማ ሆኗል። ሃያ ሦስቱን ስም እንደገና በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ሁሉንም ያውቃቸዋል፤ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደዳነ፣ ማን ሱዳን ገብቶ እንደቀረ። የማያውቀው አንዱን ብቻ ነው። ተራ ቁጥር አስራ ሰባት። "ገብረ ሊባኖስ። የአባት ስም የለም። ጀርባ፣ የሞርታር ፍንጣሪ። ራሱን ስቶ ወደ አስመራ ተልኳል። ያልታወቀ።" ስሙን የሰጠው የሻምበሉ ሐኪም ነበር፤ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ። ሻምበሉ ውስጥ ገብረ ሊባኖስ የሚባል ሰው ስላልነበረ፣ እንዳለው የጎረቤት ሻምበል ሰው ተሳስቶ መጥቶ ነው ብሎ አለፈው።

ጋሻዬ የሚል የለም። የለም አልኩ የለም!

ግን አላስቻለውም። የሰውየውን ውሸት በእጁ ሳይጨብጥ ጥር ሠላሳ እንዲደርስ አልፈለገም። የአስተርእዮ ማርያም ዕለት በጠዋት ተነስቶ አሸተን ማርያም ወጣ። ስሞ ለመመለስ አይደለም፤ ሊሰልል ነው። አቀበቱን እያለከለከ ሲጨርስ መጀመሪያ ያገኛቸው ቄስ ቃለሕይወትን ነው። የእሱም የጋሻዬም የነፍስ አባት ናቸው።

መስቀል ተሳልሞ ጠጋ አላቸው። "አባቴ፣ ያ ጋሻዬ... ስለ እጁ ነገር ነግሮዎት ያውቃል?"

ቄስ ቃለሕይወት ቀና ብለው አዩት። "አንተ የነገርከኝንስ ለእሱ ልንገረው?"

እንዳለው ነጠላውን እስከ ግንባሩ ተከናንቦ ሕዝቡ ውስጥ ገባ።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ወደ ጸበሉ ወረደ። ወንዶቹ ለብቻ፣ ከገደሉ ሥር። ጋሻዬ ከፊት አለ፤ እንዳለው ስድስት ሰው አስቀድሞ ከኋላው ተሰለፈ፣ ፊቱን ሸፍኖ። የሚያጠምቁት ቄስ እያንዳንዱን የክርስትና ስሙን ይጠይቃሉ፤ በእሱ ስም ጸልየው ያፈሱበታል። ጋሻዬ ተራው ሲደርስ ጋቢውን ጣለ፤ ሸሚዙን አወለቀ።

እንዳለው ዓይኑን ጨፈነ፤ ገለጠ። ጀርባው! ከወገቡ ጀምሮ እስከ ማጅራቱ ጠባሳ ብቻ ነው። የጅራፍ ጠባሳ መስመር ይሠራል፤ ይሄ ግን ዝናብ የመታው አመድ ይመስላል፤ ጉድጓድ ጉድጓድ። እንደዚህ ዓይነት ጀርባ ለእሱ አዲስ አይደለም። በብዙ ሰው ላይ አይቶታል።

"የክርስትና ስምህ ማነው ልጄ?" አሉት ቄሱ።

"ገብረ ሊባኖስ።"

ውኃው ወረደ። የጥር ብርድ፣ የተራራ ውኃ! ጋሻዬ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ማጅራቱ ላይ ጫነ፤ ሳያስበው፣ ሞርታር ሲመጣ ወታደር ሁሉ እንደሚያደርገው። እና እንዳለው ያየው ያኔ ነው። የግራ እጁ ጣቶች የጎደሉበት ቦታ ላይ፣ ልክ እዚያችው ክፍተት ላይ፣ ትልቁ የማጅራት ጠባሳ ይጀምራል። እጁና አንገቱ ላይ ያለው አንድ ቁስል ነው። አንድ ፍንጣሪ ጣቶቹን ወስዶ ከሥራቸው ማጅራቱን ተርትሮ አልፏል።

"ቀጥሎ!" አሉ ቄሱ። "አንተ ከኋላ ያፈጠጥከው ባለ ነጠላ፣ ትጠመቃለህ ወይስ ትታዘባለህ?"

ሰው ሳቀ። እንዳለው ግን ሰልፉን ጥሎ ሄዷል።

ቁልቁለቱን ሲወርድ ከራሱ ጋር ተጨቃጨቀ። ገብረ ሊባኖስ የሚባል ላስታ ውስጥ ስንት ሰው አለ? መቶም ይኖራል። እሺ፣ ጊንዳዕ የነበረስ? እሺ፣ በዚያች ጠዋት ከዚያ ምሽግ የጠፋስ? መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና እጁን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ሞከረው። ሁለት የሚወርዱ መነኮሳት አይተውት "አመመህ እንዴ?" አሉት። "አይ፣ ሒሳብ እየሠራሁ ነው" አላቸው።

የሻምበሉ ሐኪም ታየው። ያ ልጅ አንድ የሚሞት ሰው ላይ ጎንበስ ብሎ "ስምህ ማነው?" ሲለው። የቄስ ልጅ፣ እሞታለሁ ብሎ የሚያስብ፣ ጆሮው ጋ ሰው ጎንበስ ብሎ ስም ሲጠይቀው የትኛውን ስም ይናገራል? የሚጸለይበትን ነዋ! ሲሞት የሚፈታበትን! እንዴት ይሄ አልመጣልኝም? እኔስ ብሆን የትኛውን እናገር ነበር? የአባት ስም ያልነበረውም ለዚህ ነው። ለእግዜር የአባት ስም አይነገርም። እጁም ያልተጻፈው፣ ያ ሁሉ ጀርባ ሲደማ ጣት የሚቆጥር ስለሌለ ነው።

ቤቱ እንደገባ ብዕሩን አወጣ። ደብተሩ ላይ "ያልታወቀ" የሚለውን ሰረዘና ከጎኑ አሳምሮ ጻፈ፤ "ጋሻዬ። የተጎዳው ጀርባ፣ ማጅራትና ግራ እጅ።" ፈረመበት። እፎይ አለ።

ይሄን ባያደርግ ኖሮ!

ጥር ሃያ ሰባት ቀን ማመልከቻውን፣ የምስክሮቹን ቃልና ደብተሩን ይዞ ወረቀቱን ወደሚቀበለው ቢሮ ሄደ። እዚያ ያለችው ንጋት የምትባል ልጅ ናት፤ ሠላሳ ዓመት አልሞላትም፤ እንዳለውን ራሱን የምታስንቅ ተጠራጣሪ። ደብተሩን ገለጠች፣ ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ይሄ ሰማያዊ ቀለም መቼ የተጻፈ ነው?"

"ባለፈው ሳምንት።"

"በማን?"

"በእኔ። ስህተት ነበረበት፤ አስተካከልኩት።"

"ሠላሳ አምስት ዓመት ስህተት ሆኖ ኖሮ ማመልከቻ ሊዘጋ ሲል ተገለጠልዎት?"

"አዎ።"

"ሰውየው ዘመድዎ ናቸው?"

"በምን ተገናኝተን!"

"አበ ልጅ? የማኅበር ወንድም?"

"ምንም!"

"ታዲያ ምን አስጨነቀዎት?"

እንዳለው ተናደደ፣ ሊጮህ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ዘጋው። ልጅቷ የምትጠይቀው እሱ ጋሻዬን የጠየቀውን ነው። በዚያው ድምፅ። ዓይኗን ያጠበበችው እንኳ እንደ እሱ ነው።

"ወረቀት ስጪኝ" አላት።

ጻፈ። ጸሐፊ ነው፤ መጻፍ አያቅተውም፤ ግን እንደዚያ ቀን ብዕር ከብዶት አያውቅም። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አስራ ሰባተኛው ሰው ማን እንደሆነ ሳላጣራ ያለፍኩት እኔ ነኝ። ኋላም ጋሻዬ እጁን ራሱ መታ ብዬ ጠላ ቤት ያወራሁት እኔ ነኝ፤ አላየሁም፤ በግምት ነው። አሁን ጠባሳውን በዓይኔ አይቻለሁ። ፈረመ፤ የማኅበሩን ማኅተም ሊመታ አነሳና "አይ፣ ይሄ የማኅበሩ ጥፋት አይደለም" ብሎ ማኅተሙን መልሶ ኪሱ ከተተው።

ንጋት ሁለቴ አነበበችው።

"ጋሼ፣ አልዋሽዎትም። የተሰረዘ ደብተር በማስረጃ አይያዝም። አስተያየት ጽፌ ወደ በላይ እልከዋለሁ፤ 'ያጠራጥራል' ብዬ ነው የምጽፈው፤ ሌላ መጻፍ አልችልም። ሐኪም ይመርመራቸው ይሉ ይሆናል። ሊመለስም ይችላል።"

"መቼ ይታወቃል?"

"ምናልባት ከክረምቱ በኋላ።"

ከክረምቱ በኋላ። እንዳለው ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወጣ። ባጃጆቹ "ጋሼ፣ ወዴት?" አሉት፤ አልሰማቸውም። አሸተን ባጃጅ አይወጣውም።

ሲደርስ ጋሻዬ ደጁ ላይ ገብስ እያበጠረ ነው። ባንቺዓለም ለፀሐዩ ጀርባዋን ሰጥታ መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮቴ ስትሰማ አንገቷን ዘመም አድርጋ አየች።

"ማነው እሱ?"

"እንዳለው ነኝ እትዬ ባንቺ።"

ፊቷ ወዲያው ተዘጋ። ስሙን ታውቀዋለች። ጋሻዬ ሰፌዱን አስቀምጦ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። "አልሆነም መሰለኝ" አለ።

"ከክረምት በፊት አይሆንም። ላይሆንም ይችላል። በእኔ ጥፋት ነው፤ ደብተሩን ነካካሁት።" እንዳለው ሳይቀመጥ ደብተሩን ገለጠ። "ግን አንብብልኝ ያልከኝን ላንብብልህ መጣሁ።"

አነበበ። ተራ ቁጥር አስራ ሰባት። ገብረ ሊባኖስ። ጀርባ፣ የሞርታር ፍንጣሪ።

ጋሻዬ ሰፌዱ አጠገብ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። "ስሜን... ተናግሬዋለሁ?"

"ተናግረኸዋል። ያላወቅኩህ እኔ ነኝ።"

"እኔ እኮ" አለ ጋሻዬ፣ ድምፁ ተሰባብሮ፣ "እኔ ራሴ ጠርጥሬ ነበር። አንተ ካልክ በኋላ። መሐሉ የለኝማ! ምናልባት ፈርቼ አድርጌው ይሆን እንዴ እያልኩ... ሠላሳ ዓመት።"

እንዳለው ደብተሩን ዘጋ።

ባንቺዓለም ጣልቃ ገባች። "ቆይ። እጁን ራሱ ነው የመታው ብሎ ያወራው አንተ አይደለህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ዛሬ ደሞ አይደለም ትላለህ።"

"አይደለም።"

"ታዲያ የትኛው እንዳለውን ልመን? የያኔውን ነው የዛሬውን?"

"እኔን አትመኚኝ" አላት። "ጀርባውን ታውቂዋለሽ?"

"ሠላሳ ዓመት ያጠብኩትን! ገርፈውት ነው እል ነበር። ያንን በማድረጉ ቀጥተውት ነው እል ነበር።"

"ጋሻዬ፣ ጋቢህን ጣል። እጅህን ማጅራትህ ላይ አድርግ። እንደ ምሽጉ።"

ጋሻዬ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሚስቱን አየ። ከዚያ ጋቢውን ጣለ፤ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ማጅራቱ ላይ ጫነ። ባንቺዓለም ከመደቡ ተነሳች። በዓይኗ አልተማመነችም፤ በጣቷ ነው የሄደችው። ከክርኑ ጀመረች፣ መዳፉን ዳሰሰች፣ ጣቶቹ ያለቁበት ጋ ደረሰች፤ ጣቷ ሳትነሳ ቀጥ ብላ ማጅራቱ ላይ ያለው ጠባሳ ውስጥ ገባች። እጇ እዚያው ቆመ። ወደ ኋላ መለሰችው፤ እንደገና ሄደችበት። እንዳለው ደብተሩን ደረቱ ላይ ጨብጦ ቆሟል፤ እንዳትጠራጠር ፈርቷል።

"እንደማታስታውሰው እንኳ አትነግረኝም ነበር?" አለችው ባሏን።

"አልጠየቅሽኝማ።"

ባንቺዓለም ጋቢውን ከመሬት አንስታ አራገፈችና ትከሻው ላይ ጣለችለት። ግራ እጁን ግን አልለቀቀችም፤ ጋቢው ውስጥ ሊከተው ሲል ያዘችው፤ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

"እስቲ ንገረኝ" አለችው። "ያኔ፣ ስትነቃ፣ አሞህ ነበር?"